ያልተነቀሰ ድድ

የእናቴ ሞት የተነገረኝ ሰበታ ነው። ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ኪዳን ልሄድ በሩን ስከፍት ሦስት የዕድር ሰዎች ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ጎረቤቴ አዴ አሉ። አዴ የሰበታ ነባር ገበሬ ናቸው፤ ላም ያልባሉ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ፤ በዕድሜ ትልቅ ስለሆኑ ሰፈሩ በሙሉ በስማቸው ሳይሆን አዴ እያለ ነው የሚጠራቸው። በዚያ ሰዓት ላሞቻቸውን ሳያልቡ የሰው ደጅ ቆመው አያውቁም። እሳቸውን ሳይ ነው የገባኝ።

"ግቢ እስቲ፣ ግቢና ቁጭ በይ" አለኝ ከዕድሩ ሰዎች አንዱ።

"እናቴ ናት?"

 ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። እሱ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ያውቅ ነበር። አብሮኝ እራት በልቷል፤ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አውርተናል፤ "ምነው ዝም አልክ?" ስለው "ደክሞኝ ነው" ብሎኛል። አልወቀስኩትም። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ባለበት፣ ማለዳ ላይ ነው መርዶ የሚነገረው። ደግ ወግ ነው። እኔን የጎዳኝ የዚህ ወግ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው ሕመምም አይነገርም።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። በትዳር ሰበታ ከገባሁ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እናቴ ስልክ ስላልነበራት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአክስቴ ስልክ ነበር የምናወራው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት እናቴ ስልኩ ጋ አትገኝም። አንዱን እሑድ "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" ይሉኛል፣ ሌላውን "ወፍጮ ቤት ናት"። አንድ ጊዜ ደግሞ "ተኝታለች፣ ደክሟት ነው፣ ጾም አይደል?" አሉኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። እኔም ጾሜ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። አመንኩ።

ለለቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። "ምን አገኛት?" ብዬ ስጠይቅ አንዷ "ሆዷን ነው" አለችኝ። ሌላዋ "ምች ነው፣ ጠቁራ ጠቁራ ነው የሄደችው" አለች። አንዲት የቆብ እናት ደግሞ እጄን ይዘው "ምንም አላገኛት ልጄ። በጾም፣ በጸሎት፣ በሰላም ሄደች። መታደል ነው" አሉኝ። ከሦስቱ መልስ የሚያጽናናኝን መርጬ ይዤ ተመለስኩ። ከዕቃዋ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለፈው ዓመት እኔው ሰፍቼ የላክሁላትን ነጭ ቀሚስ።

ሰበታ ደርሼ ቀሚሱን ስዘረጋው ሁለቱም ጎኖቹ ጠበዋል። በቀኝም በግራም አራት አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ በወፍራም ክር፣ በሰፋፊ ስፌት ተይዟል። የእናቴ እጅ አይደለም። እናቴ ስትሰፋ ክሯ አይታይም ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው እጅ ከስፌቱ አውቃለሁ። ግን ምን አልኩ? "ሰው ሲያረጅ ይከሳል" አልኩና አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሰባት ዓመት እዚያው ተቀመጠ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እሷ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ቡራዩ ነው የምትኖረው፤ አጸደ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ባልና አንዲት የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አላት። ልብሷን ሁሉ የምሰፋላት እኔ ነኝ። ደንበኞቼን የምለካበት ደብተር አለኝ፤ የእሷ ገጽ መጀመሪያው ላይ ነው። ባለፈው መስከረም ወገቧ ሰባ ስምንት ነበር።

በጥምቀት ማግስት ለአዲስ ቀሚስ ልትለካ ሱቄ መጣች። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞረው ሰባ አንድ ሆነ።

"ምነው ከሳሽ?"

"ልጆቹ አይደሉ? ስሮጥ እውላለሁ።"

"ጠቁረሻልም።"

"ፀሐይ ነዋ! ሜዳ ላይ አይደል የምንዘምረው?"

ሱቄ ውስጥ ጥለት ለማስቀየር የመጣች አንዲት ደንበኛዬ ተቀምጣለች፤ አፏ የማይከደን ሴት ናት። "ባልሽ ከሰል ነው እንዴ የሚያሸክምሽ?" አለቻት። እህቴ በሳቅ ፈነዳች። ስትስቅ ድዷን አየሁት። ጠቁሯል።

እዚህ ላይ ስለ ድዳችን ልናገር። እኔ ባደግሁበት አገር ሴት ልጅ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ነቃሿ ትጠራለች። በመርፌና በጥላሸት የላይኛውን ድድ ትወጋለች፤ ሲድን ይጠቁራል፤ ጥርስ ነጥቶ ይታያል። እኔ ተነቅሻለሁ። ሳምንት ሙሉ የአጥሚት ውሃ ብቻ ነበር የምጠጣው። እህቴ ግን ተራዋ ሲደርስ የነቃሿን ጣት ነክሳ ሮጠች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ገብታ እስኪመሽ አልወጣችም። እናቴ ስቃ ተወቻት። ሰፈሩ "ነቃሿን የነከሰች" እያለ ሲያሾፍባት ነው ያደገችው።

ስለዚህ ድዷን ሳየው ሌላ ነገር ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

"ተነቀስሽ እንዴ?" አልኳት።

"ምኔን?"

"ድድሽን ነዋ።"

"እትዬ፣ አብደሻል? መቼ ነው የተነቀስኩት?"

"ኧረ አምሮባታል!" አለች ደንበኛዬ። "የት ነው ያስነቀስሽው? ቡራዩ አለ እንዴ ነቃሽ? እኔም ልሂድ እንጂ።"

"አልተነቀስኩም አልኩ እኮ!"

ዋሸችኝ ብዬ አመንኩ። የማፍርበት ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልጻፈው። የንስሐ አባቴ ገላን መወጋትና መነቀስን ለልጆቻችን እንዳናወርስ ብዙ ጊዜ መክረውናል፤ እኔም ለእህቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ደብቃኝ ያደረገችው መሰለኝ። ይባስ ብዬ ሰው ፊት "የራስሽን አድርገሻል፤ ልጅሽን ብቻ እንዳታስነቅሺያት" አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። "ውሸታም ነሽ እያልሽኝ ነው?"

"እኔ ያየሁትን ነው የምለው።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የተለካችለትን ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች።

ዐቢይ ጾም ገባ። ስደውል ባሏ ነው የሚያነሳው። "ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ ደክሟት ነው፣ ጾም አይደል?" ይለኛል። ከሰባት ዓመት በፊት አክስቴ ያለችኝን ቃል በቃል። ያኔ ግን ጆሮዬ አልሰማም። አኩርፋኝ ነው የሚል ሐሳብ ብቻ ነበረኝ። "ታኩርፍ" አልኩ። ስግደቴን እሰግዳለሁ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ እህቴን አልጠይቅም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ተጣልቶ ፋሲካ ስለማይሆን በትንሣኤ ዕለት ቡራዩ ሄድኩ። ሶፋ ላይ ጋቢ ተከናንባ አገኘኋት። ልትስመኝ ብድግ አለችና ዓይኗ ጨልሞባት ተመልሳ ተቀመጠች። የፊቷ ጥቁረት የፀሐይ አልነበረም፤ ጭስ የጠጣ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ባሏ ዶሮ ወጥ ሲያቀርብላት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"አርግዛ ነው?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። አይደለም።"

ልጇ ከጎኔ መጥታ "አክስቴ፣ እማዬ ጨው ትበላለች። እኔን ግን አትብዪ ትለኛለች" ብላ ከሰሰቻት።

"ዝም በይ አንቺ!" አለች እህቴ። ግን ከጋቢው ሥር የያዘችውን አየሁት፤ መዳፏ ላይ ቁንጥር የማትሞላ ጨው አለች፣ ልጅ ከረሜላ እንደሚልስ በምላሷ ታነሳታለች።

ጠባችን በእንባ ተፈታ። ስለ ድዱ ሁለታችንም አላነሳንም። ከልማዴ ሜትር ከቦርሳዬ አይጠፋምና ለካኋት፤ ስድሳ ሦስት። "ጾሙ ነው፤ አሁን ተፈትቷል፣ ቅቤ ስትበዪ ይመለሳል" አልኳት። ራሴንም የምለው ያንኑ ነበር። ቅቤው ግን ከአፏ አልገባም። ጾሙ ከተፈታ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ እሷ ገና እየከሳች ነበር።

በዚያ ሰሞን የእናታችን ሰባተኛ ዓመት ደረሰ። ያረፈችው በጾሙ አጋማሽ ስለሆነ የሙት ዓመቷ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚወጣው። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት ልንሄድ ተስማማን። እህቴ ከመንገዱ ሁለት ቀን አስቀድማ ሰበታ እኔ ዘንድ መጣች። አዴ መምጣቷን ሰምተው ትኩስ ወተት ይዘው ገቡ።

"አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ጠጪ፣ አሁን የታለበ ነው።"

እህቴ ተቀበለቻቸውና ወደ እኔ ዞራ "እትዬ፣ ጨው አቀብዪኝ" አለች። ወተቱ ላይ ነሰነሰችው።

አዴ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያ ዋቃ! ወተት ላይ ጨው! ይቺ ቦሌ የናፈቃት ጊደር ናት እንጂ ሰው አይደለችም!" ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው። ሁላችንም ሳቅን፤ እህቴም ሳቀች። አዴ ግን ሳቃቸውን ቶሎ አቆሙ። ስሸኛቸው በር ላይ ክንዴን ይዘው "ስሚኝ" አሉኝ። "ከብት ጨው ሲያሳድድ ዝም አይባልም። የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ውሰጃት።"

"የእናታችንን ሙት ዓመት አውጥተን ስንመለስ እወስዳታለሁ፣ አዴ። ጠበልም አስጠምቃታለሁ።"

"ስትመለሱ?" አሉ። 

የያዝነው መኪና የሚነሳው ከሱሉልታ ነበር። እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ስንደርስ ማለዳ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሯጮቹ በአስፋልቱ ዳር እየሮጡ ያልፋሉ። እህቴ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። ከሚኒባሱ ልትወርድ እግሯን ስታነሳ ተዝለፍልፋ እላዬ ላይ ወደቀች። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ "ሌላው ተሳፋሪ ይጠብቅ" ብሎ ተሸክሞ እዚያው አቅራቢያ ያለ ክሊኒክ አስገባልን።

ተረኛዋ ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ከጋዋኗ ላይ ሹራብ ደርባለች። እጇን ዘርግታ የእህቴን መዳፍ ገለበጠችና አየችው። እኔም አየሁት። ያንን መዳፍ ስንቴ ይዤዋለሁ! መስመሮቹ በእርሳስ የተሳሉ ይመስል ጠቁረዋል። የጣቶቿ መገጣጠሚያም እንደዚያው። ልጇን ስትወልድ በቀዶ ሕክምና ስለነበር ጠባሳዋንም ገልጣ አየችው፤ ያ ነጭ የነበረ ጠባሳ ከቆዳዋ ይልቅ ጠቁሯል። ቀጥላ አፏን አስከፈተቻት።

"ድዷን ተነቅሳ ነው" አልኩ ቀድሜ።

"አልተነቀስኩም" አለች እህቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሐኪሟ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። "የማንን ልያዝ? እርስዎ ተነቅሰዋል?"

"አዎ፣ በልጅነቴ።"

"እስቲ ጎንበስ ይበሉና ከንፈርዎን ከፍ ያድርጉልኝ።"

ጎንበስ አልኩ። እህትማማቾች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመን ጥርሳችንን አገጠጥን። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር "ፎቶ ላንሳችሁ እንዴ? ለመታወቂያ ይሆናችኋል" አለ። ሐኪሟ በስልኳ መብራት የሁለታችንንም አፍ አየች፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ መስታወት አውርዳ ሰጠችኝ።

"ራስዎ ይዩት።"

የእኔ ድድ ላይኛው ብቻ ነው። ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁር ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ እኩል ነው፣ ሰው በእጁ የሠራው ነዋ። የእሷ የታችኛውም ጠቁሯል። ቀለሙ ቡና ዓይነት ነው፤ እዚህ ነጠብጣብ፣ እዚያ ሰፋ ያለ፤ የጉንጯ ውስጥና የምላሷ ጠርዝ ላይ ሳይቀር አለ። ምላሷን የምትነቅስ ነቃሽ የለችም። በጥምቀት ማግስት ሱቄ ውስጥ በደንብ ብመለከት ኖሮ ይህንኑ አይ ነበር። ስፌት ሲዛነፍ ከሩቅ የማይ ሴት ነኝ፤ የእህቴን አፍ ግን ለአንድ አፍታ አይቼ ፈረድኩ።

ሐኪሟ ግፊቷን ተኝታ ለካች፤ አስቀምጣ እንደገና ለካች። ሁለተኛው በጣም ወረደ። የደሟ ስኳርም ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ጥያቄ ጠየቀቻት።

"ጨው ያምርሻል?"

እህቴ ያኔ ዓይኗን ገለጠች። "ማን ነገረሽ?" አለቻት።

ጉሉኮስ ተተከለላት፣ መርፌ ተወጋች፣ ሪፈር ተጻፈላት። ሐኪሟ ወረቀቱን ስትሰጠኝ "አይቼ አላውቅም፣ ተምሬው ብቻ ነው" አለችኝ። "ልሳሳት እችላለሁ። ግን ዛሬ ወደ ጎጃም አይሂዱ። ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት፤ አሁኑኑ።" ሙት ዓመቱ ያለ እኛ ወጣ።

አልተሳሳተችም። አዲስ አበባ ያሉት ስፔሻሊስት በተረጋጋ ድምፅ አስረዱን። ከኩላሊት በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ጨውና ግፊት በልኩ እንዲሆን፣ ሰውነት ሕመምና ድካም እንዲችል የሚያደርግ ሆርሞን ከእነሱ ነው የሚወጣው። የእሷ ዕጢዎች ሥራ አቁመዋል። የቆዳው መጥቆር የዚያ ምልክት ነው። መድኃኒቱ ክኒን ነው፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ አንድም ቀን አይዘለልም፤ ትኩሳት ሲመጣ መጠኑ እሳቸው በጻፉት ልክ ይጨመራል፤ ካስመለሳት በቀጥታ ሐኪም ቤት። "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትደርሱም ነበር" አሉ።

እህቴ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ማለዳ ከምግብ ጋር ውሰጂ አሉኝ። ጾምስ?"

የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። "ጠበሉንም ክኒኑንም የሰጠ አንድ ነው" አሉ። "ዋጪ። ጾምሽን በምላስሽ ጹሚ።" ምላስ ያሉት እኔን እያዩ መሰለኝ። ይገባኛል።

አሁን እህቴ ወገቧ ሰባ አራት ደርሷል። በምሰፋላት ልብስ ሁሉ በስተ ውስጥ ትንሽ ኪስ አደርግላታለሁ፤ ክኒኗንና የሕመሟ ስም የተጻፈበትን ካርድ ትይዝበታለች። ያቺ ወሬኛ ደንበኛዬ ኪሱን አይታ "ይሄ ደግሞ የድብቅ ባል ኪስ ነው?" አለቻት። "ጨው ነው የምደብቅበት" አለቻት እህቴ።

እኔም ዓይኔ ተለውጧል። ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪም ነኝም አልልም፤ ግን ሜትር አንገት ላይ የሚጠመጥም ሰው ብዙ ያያል። የአንዲት ልጅ አንገት ከኋላ ጠቁሮ እንደ ከፋይ ሆኖ አየሁ፤ እናቷ በሳሙና ስትፈትጋት ከርማለች። "አይታጠብም፣ ስኳሯን አስለኪያት" አልኳት። አስለካቻት፣ ጊዜው ሳያልፍ ደረሱ። የሌላዋ አንገት እብጠት ከዓመት ዓመት የልብሷን አንገትጌ እያስሰፋኝ ነው፤ ነገርኳት፣ "እንቅርት ድሮም አለ" ብላ ሄደች። አገጯ ላይ ፀጉር የበዛባትንና የወር አበባዋ የጠፋባትን ወጣት ጉዳይ ለእናቷ ለብቻዋ ብነግራት ተቆጥታ ጨርቋን ወሰደችብኝ። ሁሉም አይሰማም። እኔስ አዴን ሰምቻለሁ?

ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ ጉዳይ ነው።

ሐኪሙ የእህቴ ሕመም ከቲቢ የመጣ እንደሁ አስመረመሯት፤ አይደለም። "እንግዲህ ሰውነት የራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት ዓይነት ሊሆን ይችላል" አሉን። "ይህ አንዳንድ ቤተሰብ ላይ ይደጋገማል። ሁልጊዜ አይደለም። ከቤተሰባችሁ ለምጽ የነበረበት አለ? እንቅርት? ስኳር? ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ እያስመለሰው በድንገት የሞተ ሰው?"

እህቴና እኔ ተያየን። እሷ ያኔ ከእናታችን ጋር አልነበረችም፤ ቡራዩ አራስ ነበረች፣ አራስ ስለነበረች ለእሷም አልተነገራትም። እኔ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃት የእናቴ እጅ አንጓ ላይ ነጭ ምልክት ነበር፤ "እሳት ነክቶኝ ነው" ብላኛለች። ሌላው የጠበበው ቀሚስ ነው።

"አጣሩልኝ" አሉ ሐኪሙ። "እናታችሁ በዚሁ ከሆነ ያረፉት፣ እርስዎንም ልጅቷንም በየጊዜው ማየት አለብን።" ልጅቷ ያሉት የእህቴን ልጅ ነው፤ ጨው አትብዪ የተባለችውን።

ለአክስቴ ደወልኩ። "ጨው ታበዛ ነበር?" አልኳት።

"ምን ልትይ ነው? በሰላም ነው የሄደችው።"

"አልወቅስሽም፣ እቴቴ። ለሕክምና ነው።"

"ዘር ላይ ያለ በሽታ ነው ልትዪ ነው! የምንድራቸው ልጆች እኮ አሉን። የሞተችውን ተያት፣ ትረፍ!" ዘጋችብኝ። ደግሜ ብደውል "ወፍጮ ቤት ናት" አሉኝ።

አልተቀየምኳትም። እንዲህ የምትለው ስለምትፈራ ነው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ይሆናል። የእህቴን ምልክት ዓይኔ እያየ ጾም ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ንቅሳት ነው ያልኩ ሰው እኔ ነኝ፤ እናቴን ባያትም ኖሮ ካስታመሟት የተሻለ አላይም ነበር። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ በዚያ ጾም እናቴን ያስታመማችሁ፣ ውሃ ያቀበላችኋት፣ ጠበል በቃሬዛ ያወረዳችኋት፣ ገንዛችሁ የሸኛችኋት፣ ይህን የምታነቡ ወይም የሚነበብላችሁ፣ እባካችሁ። በሰላም ሄደች ብላችሁኛል፤ አምኛችኋለሁ፣ አሁንም አምናለሁ። አሁን የምጠይቃችሁ ያያችሁትን ነው። መዳፏን ስትገንዙ መስመሮቹ ጠቁረው ነበር? የታችኛው ድዷስ? የላይኛውን ተዉት፣ እሷም እንደ እኔ የተነቀሰች ናት። ጨው ለምናችሁ ታውቃለች? ስትነሳ ትወድቅ ነበር?

ደግሞ አንዳችሁ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፣ ቀሚሷን በወፍራም ክር ያጠበብሽላት። እየከሳች መሆኗን ከሁሉ ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ከወገቧ እንዳይወርድባት ብለሽ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፌትሽን አልፈታሁትም። በየትኛው ወር እንደሰፋሽው፣ ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ቀሚሱ እንደገና ሰፍቷት እንደሆነም ንገሪኝ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እኔ በየወሩ እለካታለሁ።